ምጣዱን የማይችል ቆጣሪ አትግዙ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና መውረጃ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሱቅ አለችኝ። ሰው የትኛው ዕቃ መብራት እንደሚበላ የሚለካ ቆጣሪ ፈልጎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማንን ጠርጥረህ ነው?" ብዬ ነው። ፍሪጁን የጠረጠረ ሰውና ከተከራዮቿ ጋር በመብራት ክፍያ የተኳረፈች አከራይ አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ተጠቀሙበት። ብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 1000 ዋት በአንድ ሰዓት ለሚበላው መብራት፣ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። 1000 ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁሉንም አጥፉ፣ የጠረጠራችሁትን ብቻ አብሩ፣ በአንድ ደቂቃ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩና በ60 አባዙት። 58 ጊዜ ከሆነ 3480 ዋት ነው። ያ ምጣድ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። የእናንተ ቆጣሪ 1600 የሚል ከሆነ ደግሞ በ37.5 አባዙ። ይሄ ከበቃችሁ ብራችሁ ኪሳችሁ ይቅር።

ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለኮምፒውተር ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሹ ቆጣሪ ይሆናል። ዕቃው በእሱ ላይ ይሰካል፣ ዋቱን እያሳየ ኪሎዋት ሰዓቱን ይደምራል። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ይላችኋል። ፎርጅድ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ትንሽ ካስቆጠራችሁ በኋላ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ አትግዙት። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር የሚረሳ ቆጣሪ ምን ያደርጋል? ፍሪጅ ደግሞ ሞተሩ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ያርፋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ካልተለካ እውነቱ አይታወቅም። ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ሙከራ በኤልኢዲ አምፖል ነው። 9 ዋት የሚል አምፖል ስትሰኩበት 9 አካባቢ ማሳየት አለበት። 17 ወይም 18 ካለ ቮልቱን በአምፔሩ እያባዛ ዝም ብሎ የሚያወጣ ነው። ርካሽ ኤልኢዲዎችና ቻርጀሮች ከሚስቡት አምፔር ወደ ሥራ የሚለወጠው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍላችሁ ሥራ ላይ የዋለውን ዋት ነው። ለካውያና ለምጣድ ይሄ ልዩነት የለም፤ የሚስቡት ሁሉ ሙቀት ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ምጣዱ። የሚሰካው ቆጣሪ ላይ 16 አምፔር የሚል ታገኛላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም 10። 16ን በ220 ቮልት ስታባዙት 3520 ዋት ነው። ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይስባል፤ ጋገራ ደግሞ የደቂቃ ሥራ አይደለም። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ የቀለጠ አለ። የአንዱ እግሩ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ አብጧል፣ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ "16 አምፔር" የሚለው ጽሑፍ ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል። ደንበኛ ሲከራከረኝ እሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

ለምጣድ ክላምፕ ሜትር ይሻላል። መንጋጋውን ከፍታችሁ ሽቦውን ታስገቡበታላችሁ፣ አምፔሩን ይነግራችኋል። አንዱን ሽቦ ብቻ! ፌዙንና ኒውትራሉን፣ መብራት የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ፣ አንድ ላይ ካስገባችሁት ይሰራረዙና ዜሮ ያሳያል፤ "ተበላሽቷል" ተብሎ የሚመለስልኝ አብዛኛው በዚህ ነው። ገመዱን ግን ራሳችሁ አትላጡ፣ ባለሙያ ሽቦዎቹን ይለይላችሁ። ቮልቱንም በዚያው ሰዓት ለኩ፤ አምፔሩን በእሱ ስታባዙት ዋቱ ይወጣል። ማታ ማታ 180 ቮልት ድረስ ከወረደ ምጣዱ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚያወጣው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ምጣዱን ተሸክማችሁ ወደ ሠራተኛ ከመሮጣችሁ በፊት ይሄን እዩ።

የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ሲሆን ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠመውን ቆጣሪ ግዙ። ፊቱ ላይ 10(60) የሚል ጽሑፍ ካለ እስከ 60 አምፔር ይችላል ማለት ነው፤ ምጣድም ስቶቭም አንድ ላይ ቢበራ አይጨንቀውም። ክላስ 1 የሚል ፈልጉ፣ ስህተቱ ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። በስልክ የሚታየውም አለ። ለራሴ ቤት ቢሆን እወደዋለሁ። ለግቢ ግን ሁሉም ቀና ብሎ የሚያነበው ቁጥር ይሻላል፤ አከራይዋ ስልክ ላይ ያሳየችውን ማን ያምናል? ገጠማውን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስጡ። ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ ነው የሚገባው፣ የታሸገው አይነካም።

አንዲት አከራይ እናት "ልጄ፣ መብራቱን የሚበላው የዚያ ልጅ ፍሪጅ ነው" ብለው ጠሩኝ። ትንሿ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፣ በሳምንት 7። 3500 ዋት ምጣድ ግን ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ነው። በሳምንት ሁለቴ ከተጋገረ 10.5። ምጣዱ የእሳቸው ነበር። "በል ሻይ ጠጣ" አሉኝ።

ሒሳቡን ስታካፍሉ የወሩን ክፍያ ዋናው ቆጣሪ ለቆጠረው አካፍሉ፣ ከዚያ በየክፍሉ ንባብ አባዙ። ለምሳሌ 300 ኪሎዋት ሰዓት 1800 ብር ከመጣ አንዱ 6 ብር ነው፤ 45 የቆጠረ 270 ብር ይከፍላል። ታሪፉ ግን በእርከን ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፣ ትንሽ የሚጠቀመውም በውዱ ዋጋ ይከፍላል። ውስጥ የሚገጠመው ቆጣሪ ጭቅጭቁን ያበርዳል እንጂ ዋጋውን አያወርድም። ለዚያ መድኃኒቱ የራስ የመብራት ኃይል ቆጣሪ ማስገባት ነው።

የክፍሎቹ ድምር ከዋናው ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ፤ የግቢ አምፖልና የውሃ ፓምፕ አለ። እነሱን ቀንሳችሁም ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ከቆጣሪዎቹ በፊት የተጠለፈ መስመር ሊኖር ይችላል። እኔ ስጠራ መጀመሪያ የምከተለው ወደ ማድ ቤት የሚገባውን ሽቦ ነው።