የታቦር ዳገትና የደም ሥር በሮች፦ አሲድ የደም ሥርን እንዴት ያላላል?

ሐዋሳ ላይ ታቦርን በሩጫ የወጣ ሰው ባቱ እንዴት እንደሚቃጠል ያውቃል። በዚያ ሰዓት የሚሠራው ጡንቻ አሲዳማ እየሆነ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነው። በዙሪያው ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ይሰፋሉ። እንዴት? ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና አብረን እንሳለው።

መጀመሪያ አንድ ሞላላ ሕዋስ ሳሉ። የደም ሥርን ግድግዳ የሚጠቀልለው ለስላሳ ጡንቻ ከእንዲህ ዓይነት ሕዋሶች የተሠራ ነው። ሲኮማተር ሥሩ ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። የሚያኮማትረው ካልሲየም ነው።

ቀጥሎ ሕዋሱ ላይ ሁለት በር ሳሉ። አንዱ ካልሲየም ያስገባል፣ ሌላው ፖታሲየም ያስወጣል። አዮን ቻናል (ቻርጅ ያላቸው አቶሞች መተላለፊያ) የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

አሁን በውጭ በኩል የሃይድሮጅን አዮኖችን በነጥብ ጨምሩ። አሲዳማነት የእነሱ መብዛት ነው። መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። በጤነኛ ሰው ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ያለው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ፒኤች በ0.3 ሲወርድ ነጥቦቹ እጥፍ ይሆናሉና ቁጥሩን እንዳትንቁት።

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የካልሲየሙ በር ጉሮሮ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቦታዎች አሉ። ካልሲየምን የሚስቡት እነሱ ናቸው። የሃይድሮጅን አዮኖች መጥተው እዚያ ሲቀመጡ ካልሲየም እንደልቡ ማለፍ ያቅተዋል። ሕዋሱ ውስጥም አሲድ ሲበዛ አንድ ዓይነት የፖታሲየም በር ይከፈታል። ፖታሲየም ሲወጣ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ይህም የካልሲየሙን በር ይዘጋዋል። (ሁሉም የፖታሲየም በር እንዲህ አይደለም። በካልሲየም የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በአሲድ ይዳከማል።) ካልሲየም ቀነሰ፣ ጡንቻው ላላ፣ ደም እንደልብ ገባ።

በእጃችሁም ሞክሩት። ጡጫችሁን 30 ሰከንድ ያህል ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡና ክፈቱ። መዳፋችሁ መጀመሪያ ነጣ ይልና ወዲያው ይቀላል። እዚህ ላይ የኦክስጅን ማነስና ሌሎች ነገሮችም አሉበት እንጂ አሲድ ብቻውን አይደለም።

ሎሚ ብጠጣስ? የምትሉ አትጠፉም። ሳንባና ኩላሊት ስለሚጠብቁት የደማችሁ ፒኤች እምብዛም አይነካም።

በመጨረሻ ሥዕሉ የየትኛው አካል የደም ሥር እንደሆነ ጻፉበት። ሳንባ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አሲድና የኦክስጅን እጥረት ሥሩን ያጠቡታል፤ ደሙም ጥሩ አየር ወዳለበት የሳንባ ክፍል ይሄዳል።