መሰንቆውን ብል ሳይቀድማችሁ

የአባቴ መሰንቆ ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት አልጋ ሥር ከነከረጢቱ ዓመታት ተቀመጠ። ለሰርግ ብዬ ሳወጣው የደጋኑ ጭራ እጄ ላይ ረገፈ። ቆዳውም ጠርዝ ጠርዙን ተበሳስቷል። ማንም አልነካውም ነበር። ያጠፋውም ይኸው ነው።

ትልቁ ስህተት ሸፍኖ መርሳት ነው። ብል ጨለማና ጸጥታ ይወዳል። የሚበላው ደግሞ ቤት ውስጥ ሲበር የምናየው አይደለም፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። የፈረስ ጭራ፣ ቆዳ፣ ሱፍ ምግቡ ነው። ስለዚህ በወር አንዴ አውጡት። ጭራውን አራግፉ፣ ጥጋጥጉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ ተጫወቱበት። ዘወትር የሚገዘገዝ መሰንቆ ላይ ብል ተረጋግቶ አይፈለፈልም።

ድሮ መሰንቆው ምሰሶ ላይ ይሰቀል ነበር፣ የምድጃው ጭስም ነፍሳቱን ያርቅለታል። ቆርቆሮ ቤት ስንገባ ጭሱ ቀረ፣ ምትክ ግን አላበጀንለትም። ለጋን ማጠኛ የምትጠቀሙበት ጥንጁት ካለ ክፍሉን አጥኑበት። እንጨት ውስጥ የገባውን ትል ግን ጭስ አያወጣውም።

ሌላው ቅቤ ነው። የክራሩ ቆዳ እንዳይደርቅ ብለው የሚቀቡ አሉ። ቅባት የነካው ቆዳ አይጥና ቆዳ በል ጢንዚዛ ይጠራል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። ተዉት።

ከበሮ መሬት ላይ ወይም ከጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ማስቀመጥም ለምስጥ መስጠት ነው። ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳው አርቃችሁ ስቀሉት።

ዋሽንት ሠሪዎች የሚቸኩሉበት ነገር አለ። አዊ እንደሚበቅለው ዓይነት ቀርከሃ ስታርች አለው፣ ነቀዙም የሚፈልገው እሱን ነው። ለጋውን አትቁረጡ፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ምረጡ። የተቆረጠውን ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ስታርቹ ይቀንሳል። ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። ለጎተራ የሚገዛውን የነቀዝ ክኒን መሰንቆ ከረጢት ውስጥ የሚጨምር ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ አታድርጉት! ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ተኝታችሁ ሳለ ቤተሰብ ይጨርሳል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የተባይ ዱቄትም ዋሽንት ላይ አይነስነስ፤ አፍ የሚነካ ዕቃ ነው።

ብል የገባበትን ጭራ ፈትታችሁ አቃጥሉና በአዲስ ተኩት። የፈረስ ጭራ በአገራችን አይጠፋም። ከረጢቱን ደግሞ በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት። እንጨቱ ላይ ቀዳዳ ካያችሁ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ገና ውስጥ ነው፤ የዚያኑ ቀን ከሌሎቹ መሣሪያዎች ለዩት።