ከቢኤ ዲግሪ በኋላ ምን ልማር? የሂዩማኒቲስና የሶሻል ሳይንስ ተመራቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ቴምፖራሪውን ይዞ ከስድስት ኪሎ ግቢ የወጣ የሶሻል ወይም የሂዩማኒቲስ ተመራቂ ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ «ዝም ብለህ ማስተርስህን ቀጥል» ይለዋል፣ ሌላው «ይሄን ትተህ አካውንቲንግ ተማር» ይለዋል። ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚፈልግ ግን ማንም አይጠይቀውም። በታሪክ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በሶሺዮሎጂ፣ በፍልስፍና ወይም በቲያትር የተመረቀ ሰው መንገድ አያጣም። ብዙውን ጊዜ ዓመት የሚያስበላው ሳይጣራ የተከፈለ ገንዘብ፣ ዘግይቶ የተጠየቀ ወረቀትና ተሳስቶ የተጻፈ ቀን ነው።

ስህተት 1፦ የሥራ ማስታወቂያ ሳያነቡ ማስተርስ መመዝገብ

ምርጫው መጀመር ያለበት ከትምህርት ክፍሎች ዝርዝር ሳይሆን ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። አራት ኪሎ ላይ የተለጠፉትን አንብቡ፤ የእሑዱን ሪፖርተር የሥራ ገጾች ለጥቂት ሳምንታት ሰብስቡ። ልትሠሩት የምትፈልጉትን ሥራ የሚጠሩ ሃያ ያህል ማስታወቂያዎች ለዩና ከእያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ጻፉ፦ የተጠየቀውን የትምህርት መስክ ስም፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ልምዱን።

ይህን ስትሠሩ «ማስተርስ እና 2 ዓመት ወይም ቢኤ እና 4 ዓመት» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ይደጋገምባችኋል። እንዲህ ባለ መስክ ሁለት ዓመት ሙሉ በመደበኛው ፕሮግራም ተምሮ ያለ ምንም ልምድ የሚወጣ ሰው አሁንም ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በቢኤው እየሠራ ማታ የተማረው ግን ሲጨርስ ማስተርሱንም ልምዱንም ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ ልምድ አጥብቆ የሚጠይቅ መስክ ከሆነ መጀመሪያ ሥራ ፈልጉ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም።

ሌላም ነገር ታያላችሁ። የመጀመሪያውን ማጣሪያ የሚሠራው የሰው ኃይል ባለሙያ ዲግሪው ላይ የተጻፈውን የመስክ ስም ከማስታወቂያው ጋር ቃል በቃል ያስተያያል። «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ካልተጨመረ፣ ስሙ ያልተለመደ ማስተርስ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢገጥም ሊወድቅ ይችላል። ከሃያዎቹ ማስታወቂያዎች በአንዱም ላይ ስሙ ያልተጠራ ፕሮግራም ስታገኙ ከመመዝገባችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

ስህተት 2፦ ማስተርስ በቂ ሆኖ ሳለ ሌላ ቢኤ መጀመር

መስክ ለመቀየር ከዜሮ መጀመር የግድ የሚሆንባቸው ሙያዎች አሉ። ጠበቃ ወይም ዳኛ ለመሆን የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በመደበኛው አምስት ዓመት ነው፣ አቋራጭ የለውም። በሰብዓዊ መብት፣ በሶሻል ወርክ፣ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በጾታ ጥናት፣ በሰላምና ደኅንነት ወይም በቅርስ አስተዳደር ለመሥራት ግን ሌላ ቢኤ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእነዚህ መስኮች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል። የመግቢያ ማስታወቂያው ሲወጣ እያንዳንዱ ፕሮግራም የትኞቹን የመጀመሪያ ዲግሪዎች እንደሚቀበል ይዘረዝራል፤ ማንበብ ያለባችሁ ያንን መስመር ነው። ዲግሪያችሁ በስም ካልተጠቀሰ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ትራንስክሪፕታችሁን አሳይታችሁ መልሱን በኢሜይል አስይዙ። ኮሪደር ላይ የተሰማ «ይቀበሉሃል» ማመልከቻው ውድቅ ሲደረግ ማስረጃ አይሆንም።

ስህተት 3፦ ፒጂዲቲን ለማንኛውም ተመራቂ የሚሆን መግቢያ አድርጎ ማየት

ፒጂዲቲ (ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የመምህርነት ዲፕሎማ) የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆን ለሚፈልግ ሰው የአንድ ዓመት ያህል ጥሩ መንገድ ነው። የሚጠቅመው ግን በሁለተኛ ደረጃ ለሚሰጥ ትምህርት ነው፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ። በፍልስፍና ወይም በሶሻል አንትሮፖሎጂ የተመረቀ ሰው የትኛውን ትምህርት ሊያስተምር እንደሚችል ከቀጣሪው ትምህርት ቢሮ ሳያረጋግጥ መመዝገብ የለበትም።

ስህተት 4፦ ለመግቢያ ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ መዘጋጀት

ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ኤንጋት) የቋንቋ ችሎታን ብቻ አይለካም፤ የቁጥርና የትንተና ጥያቄም አለው። ሒሳብ ከነካ ዓመታት ያለፉት የሶሻል ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚያ ነው። የሚጠየቀው ካልኩለስ አይደለም። መቶኛ፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ቀላል ቀመር፣ ግራፍና ሠንጠረዥ ማንበብ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጥታችሁ ስምንት ሳምንት ያህል፣ በቀን 45 ደቂቃ፣ ሰዓት እየያዛችሁ ሥሩ። ሰዓት መያዙ ዋና ነገር ነው፤ ብዙ ሰው መልሱን እያወቀው ጊዜ ያልቅበታል።

ፈተናውን ማለፍም ቅበላ ማለት አይደለም። ለዩኒቨርሲቲው ለብቻ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ትምህርት ክፍሉ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል። ውጤቱን ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የማመልከቻው ቀን ያልፍበታል።

ስህተት 5፦ «ኮሌጁ እውቅና አለው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ መክፈል

እውቅና ለሕንፃው ወይም ለስሙ አይሰጥም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚፈቅደው በፕሮግራም፣ በደረጃ፣ በካምፓስና በመማሪያ ዓይነት ነው። አንድ ኮሌጅ በቢኤ ደረጃ ተፈቅዶለት በማስተርስ ላይፈቀድለት ይችላል፤ በአንዱ ካምፓሱ ተፈቅዶለት በሌላው ላይኖረው ይችላል፤ ለመደበኛው ኖሮት ለርቀቱ ላይኖረው ይችላል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የእውቅና ደብዳቤውን ቅጂ ጠይቁና አራት ነገር እዩ፦ የፕሮግራሙ ሙሉ ስም፣ ደረጃው፣ የምትማሩበት ካምፓስ፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ ያንኑ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። መልሱ «እድሳት ላይ ነው» ከሆነ እድሳቱ እስኪወጣ ጠብቁ። ያልተፈቀደ ፕሮግራም ዲግሪ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ቀጣሪ ወይም የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሰነዱ እንዲረጋገጥ ሲጠይቅ።

ክፍያውንም በሴሚስተር አትጠይቁ፣ እስከ ምረቃ ድረስ ያለውን ጠይቁ። የአንድ ክሬዲት ዋጋ በጠቅላላው ክሬዲት ተባዝቶ፣ በየሴሚስተሩ የምዝገባ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሪያና የዲፌንስ ክፍያ ተደምሮ በወረቀት ይሰጣችሁ። ዋጋው በመሃል ቢጨምር ነባር ተማሪን ይነካ እንደሆነም እንዲጻፍ አድርጉ።

ስህተት 6፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን በመጨረሻው ሳምንት ማስታወስ

በእጃችሁ ያለው የተማሪ ቅጂ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ከሬጅስትራር በታሸገና በማኅተም በተዘጋ ፖስታ በቀጥታ የሚላከውን ነው። ፖስታውን «ልይበት» ብሎ የከፈተ ሰው ሰነዱን አበላሽቷል፤ እንደገና መጠየቅ አለበት።

ለጥያቄው የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስምና አድራሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ የት እንደምታመለክቱ ሳትወስኑ ሬጅስትራር መሄድ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ማለቅ አለበት፤ ቀሪ ዕዳችሁን ቀደም ብላችሁ እወቁ።

ጎንደር ወይም ጅማ ተመርቆ ፒያሳ የሚኖር ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። እዚያ ያለ ጓደኛ ወረቀቱን እንዲያወጣለት ከፈለገ ሬጅስትራሩ ሕጋዊ ውክልና ሊጠይቅ ይችላል። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ፣ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ይላካል፤ ውስጡም «የትምህርት ማስረጃ እንዲያወጣልኝና እንዲላክልኝ እንዲያስደርግ» የሚል በግልጽ መኖር አለበት። ከማመልከቻው ቀን ሁለት ወር አስቀድሞ መጀመር ነው የሚያዋጣው።

ስህተት 7፦ ዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 መደመር

ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ማመልከቻ ያበላሻል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪቀይሩ በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ጥቅምት 2013 ገብቶ ሰኔ 2016 የተመረቀ ተማሪ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2020 እስከ ጁን 2024 ነው የተማረው። ለሁለቱም 8 የደመረ ሰው መግቢያውን 2021 ብሎ ይጽፋል፤ ፎርሙ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ይጋጫል፣ አራት ዓመት የነበረው ትምህርትም ሦስት ይመስላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የመዝጊያ ሰዓቱ 12:00 ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ) ከተባለ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 23:59 ዩቲሲ ከሆነ ከሌሊቱ 8:59። «እስከ ማታ 12 ሰዓት» ብሎ የተረጎመ ሰው በመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ዘግይቷል።

ስምም ይታይ። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ያለው ሰው ቪዛ ጋ ሲደርስ ይያዛል። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ በዲግሪው ላይ ባለው አጻጻፍ አውጡ። ያወጣችሁ ደግሞ ማስተካከያውን ከወዲሁ ጀምሩ።

ስህተት 8፦ የድጋፍ ደብዳቤን «ጽፈህ አምጣ፣ ልፈርም» ላይ መተው

መምህሩ ሥራ ስለሚበዛበት ይህን ይላል፤ ተማሪውም ከኢንተርኔት ያገኘውን ይገለብጣል። ሁለት የተለያዩ መምህራን በአንድ እጅ የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ ሲልኩ ገምጋሚው ያውቃል። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጧቸው፦ የወሰዳችሁትን ኮርስና ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስና ግኝት፣ የምታመለክቱበትን ፕሮግራም፣ መዝጊያውን ቀን። ደብዳቤውን እሳቸው ይጻፉት። ብዙ የማመልከቻ ገጾች የተቋም ኢሜይል ስለሚጠይቁ መምህሩ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ እንዳላቸው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅም ተገቢ ነው።

ስህተት 9፦ የውጭ ዕድልን በወሬ መከታተል

ቼቭኒንግ (የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ትናንት የተመረቀ ሰው ቢያመለክት ድካም ነው፤ ግን ከአሁኑ የሠራበትን ሰዓት በደብዳቤ እያስያዘ ቢቆይ ቀኑ ሲደርስ ዝግጁ ይሆናል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ዕድሜው ከ30 በታች የሆነን ይቀበላል። ሁለቱም ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም። «እኔ ሞልቼ አስገባልሃለሁ» ብሎ የሚያስከፍል ደላላ የሚሠራው ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ነው፤ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ በእሱ እጅ ሲቀር ደግሞ የሚመጣውን ጥሪ እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ።

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ በባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። በራሱ ወጪ የሚሄድ ሰው ለቪዛው ለአንድ ዓመት መኖሪያ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው የተባለው። የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ ለጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በሚያጣራው በዩኒ አሲስት በኩል ለሚሄድ ማመልከቻም ለመጀመሪያው 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይከፈላል። ከአዲስ አበባ ያንን በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ባንካችሁን ቀድማችሁ አናግሩ።

የአይኤልቲኤስና የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች) ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። የት እንደምታመለክቱ ሳታውቁ መፈተን ብር ማባከን ነው።

ስህተት 10፦ አማካሪውን ከተመዘገቡ በኋላ መፈለግ

የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ በጊዜው ያልቃል። ሰው የሚቆምበት መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ዋናው ምክንያትም በርዕሱ ላይ የሠራ አማካሪ በክፍሉ አለመኖሩ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ግቡና ወይም የዩኒቨርሲቲውን የኢንተርኔት ማኅደር ከፍታችሁ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከክፍሉ የወጡ ጽሑፎችን ርዕስና የአማካሪ ስም ጻፉ። ልትሠሩበት ከምታስቡት ርዕስ ጋር የሚቀራረብ ጽሑፍ ያማከሩ ሁለት መምህራን ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ አንዱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ ቢሄዱ ሌላው አሉ። አንድም ካላገኛችሁ ርዕሱን ወይም ዩኒቨርሲቲውን የምትቀይሩት ገና ምንም ሳትከፍሉ፣ አሁን ነው።