ኮዱን ማንም ሳይነካው ቴስቱ ቀይ ሲሆን፦ የውጪ ሰርቪስ ተዘግቶ ቢሆንስ?

ምልክቱ፦ ትላንት አረንጓዴ የነበረ ቴስት ዛሬ ዝም ብሎ ፌይል ያደርጋል፣ ብትደጋግሙትም ያው ነው። ካዛንቺስም ሜክሲኮም አካባቢ ቢሮ ያለን ልጆች መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኔቱን ነው፣ እሱን መለየት ቀላል ነው፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩት፣ ሲአይ (ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይም በዛው ኤረር ከወደቀ የቢሯችሁ መስመር የለበትም።

ምክንያቱ፦ ኤረሩን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሰርቨሩ የመለሰው ቁጥር 503 (ለጊዜው አልሰራም) ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ጠብቁ። 410 ከሆነ ግን ሰርቨሩ ራሱ ነገሩ ለዘለቄታው ተነስቷል እያላችሁ ነው። በጣም የሚያደክመው 200 (ተሳክቷል) እየመለሰ የሚበላሸው ነው፣ ሰርቪሱ ተዘግቶ ዶሜይኑን ሌላ ሰው ይገዛውና ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፣ እናንተ ጄሰን (ለፕሮግራም የተዘጋጀ ዳታ) ስትጠብቁ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ይመጣል፣ ዳታውን የሚያነበው ፓርሰርም ገና ከመጀመሪያው ፊደል ይወድቃል። ስለዚህ የመጣውን ቦዲ (የምላሹን ይዘት) ፕሪንት አድርጉት፣ እኔ ሁሌ የምጀምረው ከዚህ ነው።

መፍትሄው፦ ሞክ ለማድረግ (እውነተኛውን ሰርቪስ በውሸት ምላሽ ለመተካት) አትቸኩሉ! ሰርቪሱን ፕሮዳክሽኑም (ደንበኛ የሚጠቀምበት ሲስተም) የሚጠራው ከሆነ ቴስቱ የወደቀው እውነቱን ስለተናገረ ነው፣ ሞክ ብታደርጉት እሱ አረንጓዴ ይሆንና ብልሽቱን ከደንበኛ ትሰሙታላችሁ። መጀመሪያ ምትክ ፈልጋችሁ ኮዱን ወደዛ አዙሩ። ከዛ የአዲሱን ሰርቪስ ትክክለኛ ምላሽ አንዴ ቀድታችሁ ፋይል አድርጋችሁ ከኮዱ ጋር አስቀምጡ፣ ለዚህ የሚሆን መሳሪያ ለጃቫ ዋየርሞክ ለሩቢ ቪሲአር አለ፣ ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቶክንና ኤፒአይ ኪ (ሚስጥራዊ መግቢያ ቁልፎች) ውስጡ እንዳይቀር አጥፉ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተሳካውን ብቻ ሳይሆን 503ቱንና ታይምአውቱንም አስገቡ።

የተቀዳ ፋይል መቼም አይወድቅም፣ ሰርቪሱ ቢሞትም ያልፋል፣ ስለዚህ እውነተኛውን ሰርቪስ ማታ ማታ የሚጠራ አንድ ቴስት ለብቻው ይኑራችሁ፣ መርጅ (ኮድ ወደ ዋናው መቀላቀልን) አያግድ፣ ሲወድቅ ግን ለቲሙ ቴሌግራም ይላክ።

ለቴስት ብላችሁ ዶሜይን ከራሳችሁ አትፍጠሩ፣ ኤግዛምፕል ዶት ኮም ከ1999 ጀምሮ ለዚሁ የተያዘ ነው።

ሌላው ኢሜይል ነው። ትልልቆቹ ሲዘጉ ቀድመው ይናገራሉ፣ ለሞባይል አፖች ባክኤንድ ይሰጥ የነበረው ፓርስ በጃንዋሪ 2016 አሳውቆ የተዘጋው በጃንዋሪ 2017 ነው፣ አንድ አመት ሙሉ። ማሳወቂያው የሚሄደው ግን አካውንቱን ለከፈተው ሰው ነው፣ እሱ ስራ ለቆ ከሆነ ማንም አያነበውም። ዛሬውኑ አካውንቶቹን ሁሉ ወደ ቲሙ የጋራ ኢሜይል ቀይሯቸው።