አመዛዛኝ ሞዴልን በአማርኛ ስትፈትኑ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የቻይናው ዲፕሲክ ኩባንያ የሠራው አር1 የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሞዴል በጥር 2017 ዓ.ም. ለሁሉም ክፍት ሆኖ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ደረጃ በደረጃ እያሰበ የሚመልስ ሞዴል አውርዶ በራስ ኮምፒውተር መፈተን ባሕር ዳር ላለ ተማሪና ባለሙያም የሚቻል ሆኗል። ትልቅ ዕድል ነው። የሚያሳዝነው፣ «አማርኛ አይችልም» ተብሎ የሚጣል ሞዴል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፈተናው አያያዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት የሞዴሉን ጥሬ ምላሽ፣ ሐሳቡን ጭምር፣ አንብቡ።

ምልክት፦ አንዱን ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ማቆሚያ ያጣል።
ውጤቱ እንዳይለዋወጥ ተብሎ ቴምፕሬቸሩ (የሞዴሉ ቃል አመራረጥ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚወስነው ቁጥር) ዜሮ ተደርጎ ይሆናል። የዲፕሲክ ሠሪዎች የሚመክሩት ከ0.5 እስከ 0.7 ሲሆን፣ የሚመርጡት 0.6 ነው። መልሱ በየጊዜው ስለሚለያይ እያንዳንዱን ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቁና አማካዩን ያዙ።

ምልክት፦ መልሱ ባዶ ነው፣ ወይም መሀል ላይ ይቆረጣል።
ሐሳቡ የተፈቀደለትን የቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብባቸውና የሚጽፍባቸው ቁርጥራጮች) መጠን ጨርሶታል። አማርኛ ደግሞ ብዙ ቶከን ይበላል፦ ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የፊደል ምልክት ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አንድ ቃልም ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። ዲፕሲክ ሞዴሉን ሲፈትን እስከ 32,768 ቶከን ፈቅዷል። ሞዴሉን የምታስኬዱበት ፕሮግራም ካልቀየራችሁት ጥቂት ሺህ ብቻ ፈቅዶ እንደሆነ እዩና ከፍ አድርጉት።

ምልክት፦ ውጤቱ ከታተመው በጣም ያንሳል።
ዋናው አር1 671 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ ሲሠለጥን የሚስተካከሉ ውስጣዊ ቁጥሮች) አለው፤ በቤት ኮምፒውተር የሚሠራው ግን ከእርሱ ምላሾች የተማረ ባለ 7 ወይም 14 ቢሊዮን ሌላ ሞዴል ነው። ከትንሹ የራሱ ውጤት ጋር አነጻጽሩት። ቦታ እንዲቆጥብ እያንዳንዱ ፓራሜትር ወደ 4 ቢት የተጨመቀ ከሆነም ጥቂት መቀነሱ አይቀርም።

ምልክት፦ ትክክለኛው መልስ «ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል።
ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሞዴሉንም ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። አራሚው ፕሮግራም «3» እየፈለገ ሞዴሉ «ሦስት»፣ «ሶስት» ወይም «፫» ብሎ ይጽፋል። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር»ም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ከማነጻጸራችሁ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ መልሱ፤ የግዕዝ አኃዞችንና በቃል የተጻፉ ቁጥሮችንም ወደ ተራ አኃዝ ለውጡ። ከዚያ በኋላ «ስህተት» የተባሉትን በዓይናችሁ እዩ፤ አሁንም ትክክለኛ መልስ ታገኙባቸዋላችሁ።

ምልክት፦ ሒሳቡን በደንብ ይሠራል፣ ቀንና ሰዓት ላይ ግን ይስታል።
ለምሳሌ፦ «ቡናው ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዘጌ ተጫነ፤ ክፍያው ከ10 ቀን በኋላ ነው። መቼ ይከፈላል?» መልሱ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። «መስከረም 8» ካለ ጳጉሜን ረስቷታል። ዓመቱን 2015 ብታደርጉት ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለምትሆን መልሱ መስከረም 2 ይሆናል፤ ቀመሩን የሚያውቀውን ከሚገምተው የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። «ጀልባዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወደ ደሴቶቹ ትነሳለች» ሲባልም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ብሎ ሊያሰላ ይችላል።

መንስኤው የዕውቀት ጉድለት ነው ወይስ የማመዛዘን? ለመለየት አንዱን ጥያቄ በሁለት መልክ አዘጋጁ፦ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው «ጳጉሜ በ2017 አምስት ቀን ናት፤ የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው» የሚል ማብራሪያ ታክሎበት። በማብራሪያው ከተስተካከለ ማመዛዘኑ ደህና ነው፤ ሥራ ላይ ስታውሉት ማብራሪያውን ከጥያቄው ጋር ስጡት። በማብራሪያም ካልተስተካከለ ለቀን ስሌት የተለመደ ፕሮግራም ጻፉና ሞዴሉ እንዲጠራው አድርጉ። የሁለቱን መልኮች ውጤት አትደምሩ፤ ለየብቻ መዝግቡት።