የተማሪዎችን የዜና ፎቶ እንዴት እንመዝን?

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ወይም የተማሪዎች ጋዜጣ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለቋንቋ መምህር ነው። ጽሑፍ ማረም ያውቅበታል። ፎቶ ሲመጣ ግን "ቆንጆ ነው" ብሎ ያልፋል። ፎቶም መታረም አለበት።

መጀመሪያ ልጆቹ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ከፍተው የደበዘዘውን ያስወግዱ።

ከባዱ ሥራ ዝግጅቱን ከፎቶው መለየት ነው። ያነሳው ተማሪ እዚያው ነበር። ጭብጨባውን ሰምቷል፣ የአሸናፊዋን እንባ አይቷል። ፎቶውን ሲያይ ያ ሁሉ ትዝ ይለዋል። አንባቢ የሚያየው ግን ሦስት ጀርባና አንድ ማይክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፎቶውን መግለጫ ይሸፍኑና ዝግጅቱ ላይ ያልነበረ ተማሪ ይጥሩ። "ጥሩ ነው?" ብለው አይጠይቁት፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። "ምን ይታይሃል?" ይበሉት። ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ከነገረዎት ፎቶው ይሠራል። "ሰዎች ቆመዋል" ካለ፣ ዝግጅቱ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ፎቶው አልያዘውም ማለት ነው።

ለማለማመጃ የፎቶ ጋዜጠኛውን የሙሉጌታ አየነን ፎቶ እመርጣለሁ። መጋቢት 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በተከሰከሰበት ቦታ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ፊቷ ላይ ስትበትን ያነሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ታጭቶ ነበር። መግለጫውን ሸፍነው ያሳዩዋቸው። ሐዘን መሆኑን ማንም አይነግራቸውም፤ ራሳቸው ያዩታል።

ቀጥሎ ጠርዞቹን ይቃኙ፦ የተቆረጠ እጅ፣ ከሰው ራስ ላይ የወጣ ምሰሶ። ፍሬሙን በቁምም በአግድምም በሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ላይ የማሳረፉ ሕግ ይጠቅማል፣ ግን ነጥብ መስጫ አያድርጉት።

ጨለማን ትንሽ ማብራት ችግር የለውም። ፊት የሚያለሰልስ ፊልተር፣ ሰው የተሰረዘበት ፎቶና "እስኪ ደግማችሁ ተጨባበጡ" ተብሎ የተነሳ ግን ለዜና አይሆንም። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

መግለጫው ስም ከነአባት፣ ቦታና ቀን ይያዝ። የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ ከሆነ ልጁንና ወላጁን ሳያስፈቅዱ አያውጡት።

ፎቶውን ሲመልሱ "አይሆንም" ብቻ አይበሉ። "ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትቆም ፊቷን ታገኘው ነበር" ይበሉት። ለሚቀጥለው ዝግጅትም እሱኑ ይላኩት።