ልጅዎን በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ለማዋል ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። በመካከል ያለውን የሦስት ወር ክፍተት ደሴም ሆነ ወልድያ በአብዛኛው የምትሸፍነው አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት፤ ይሁንና ልጁን ማጠቡንና ማስተኛቱን ቢችሉበትም ጡቱን ሊሰጡት አይችሉም። በመንግሥት በጀት የሚሠራ ማቆያ ትልቁ ጥቅሙ እናትና ልጅ በአንድ ግቢ መዋላቸው በመሆኑ፣ ዝግጅቱ የሚጀመረው ፈቃዱ ሲያልቅ ሳይሆን ገና በእርግዝና ወቅት ነው።

በመጀመሪያ በመሥሪያ ቤትዎ ማቆያ መኖሩን ከሰው ሀብት ሥራ አመራር ክፍል ያረጋግጡ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ስለተተካ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ይጠይቁ። የዞንና የወረዳ ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ፣ በሥራ ላይ ያለውን የክልሉን ሕግ ከዚያው ክፍል ጠይቀው ማንበብ ይገባል።

ማቆያ ከሌለ ሁለተኛው እርምጃ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ነው፤ ጉዳዩ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቃል የተጠየቀ ነገር ኃላፊው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ማመልከቻው ስንት እናቶች እንዳሉ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ በቅርቡ የሚወልዱትን ሠራተኞች ብዛትና በግቢው ውስጥ ለዚህ ሊውል የሚችለውን ክፍል ለይቶ የሚጠቅስ፣ በሁሉም እናቶች የተፈረመ፣ ለኃላፊው ተጽፎ ለዕቅድና በጀት ክፍል እንዲሁም ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ የተደረገለት ቢሆን ይመረጣል። አባቶችም ቢፈርሙበት አይከፋም። መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የቀረበ ጥያቄ የሚያገኘው ያለቀ ዕቅድ ነው፤ ስለዚህ ዕቅድ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ቢዘገይ በየካቲት ማስገባት ይበጃል። በአንድ ግቢ የተሰባሰቡ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል ከሚጠይቁ አንድ ማቆያ በጋራ ቢጠይቁ፣ የሞግዚቶቹን ደመወዝ መደልደልም ሆነ ክፍሉን ማሟላት ይቀላል።

ሦስተኛው የሰነድ ጉዳይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ ስላለበት የልደት ምስክር ወረቀቱን በፈቃድ ላይ እያሉ ያውጡ። ከክትባት ካርዱም ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሕፃኑ ሥራ እስከሚመለሱበት ጊዜ ድረስ የ6ኛውን እና የ10ኛውን ሳምንት ክትባት ወስዶ፣ የሚቀርበው የ14ኛው ሳምንት ይሆናል።

ልጁን ከማስገባትዎ በፊት ክፍሉን በዓይንዎ ይዩት። በደሴ ብርድ ምክንያት ክፍልን በከሰል ማሞቅ የተለመደ ቢሆንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ስለሆነም ከሰል የሚያስገባ ማቆያ ካለ ልጅዎን አያስገቡ። ወለሉ ምንጣፍ ይኑረው፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በቅርብ ይገኝ፣ ሞግዚቶቹም የጤና ምርመራ ያደረጉ ይሁኑ። ልጁን ማን እንደሚወስድ በመዝገብ ላይ በስም መጻፍና ማስፈረምም ያስፈልጋል።

ጡት ለማጥባት መመላለስ በማይቻልባቸው ሰዓታት የታለበ የጡት ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል። ያለ ማቀዝቀዣ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ሊበላሽ ስለሚችል ማቀዝቀዣ ከሚገዙት ዕቃዎች መጀመሪያ ላይ ይሁን። ሕፃኑን በጡጦ ከማጥባት በትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይሻላል፤ ኩባያን አጥቦ ማጽዳት ይቀላልና። ከ6 ወር በኋላ ከእህልና ከጥራጥሬ የተመጠነ የዱቄት ገንፎ ከቤት ይዘው መምጣት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁን ለግማሽ ቀን ብቻ ማዋል ከሞግዚቷ ጋር እንዲላመድ ይረዳዋል።

የመንግሥት ሠራተኛ ያልሆኑ እናቶች መንገዳቸው ሌላ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ማቆያ በኅብረት ስምምነታቸው እንዲካተት በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ሊደራደሩ ይችላሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የገጠር ሴፍቲኔት የታቀፈች ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናት ደግሞ ከአካባቢ ልማት ሥራው ወጥታ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ የማግኘት መብት አላት፤ ለዚህም ማርገዟን እንዳወቀች ጤና ኬላ ሄዳ መመዝገብና ለቀበሌው የሴፍቲኔት ኮሚቴ ማሳወቅ አለባት።

ልጁ 5 ዓመት ሲቃረብ ቀጣዩ በር ትምህርት ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት ስላደረገው፣ ከመስከረም በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዘው በመሄድ ያስመዝግቡት። ትምህርቱ ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ማቆያው ይመለስ እንደሆነ ቀድመው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይነጋገሩ።